«ደሴ ከፍታ ስለሆነ ቤንዚኑ ይቀነስ» ለሚላችሁ ሰው ብር አትክፈሉ

ጀማው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ የመኪና ፍቅር ያለባችሁ ልጆች፣ ይህን እባካችሁ ሳትዘሉ አንብቡልኝ። በሚያዝያ ወር 45,000 ብር ከፍዬ ያስገጠምኩት ዕቃ ሞተሬን ሊጨርሰው ነበር። ያው ሰው ያንኑ ዕቃ በዚያው ወሬ ለሌሎች እየገጠመ መሆኑን ሰሞኑን ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ።

መኪናዬ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት። ሞተሯ ብዙ ኮሮላ ላይ የምናውቀው 1.8 ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ 140 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። ደሴ ላይ ግን ዳገት ሲመጣ ትደክማለች። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ወስጄ ሳሳያት ልጁ ወዲያው መለሰልኝ፦ «አብሽር ወንድሜ! ደሴ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚን በዝቶባት ነው የታፈነችው። ኮንትሮለር ገጥመን ቤንዚኑን እንቀንስላታለን። ጉልበት ታገኛለህ፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ፣ አቀናነሱንም ራስህ እንድትችል አስተምርሃለሁ።» እኔን የጣለኝ የመጨረሻው ቃል ነው። የአየርና የቤንዚን ድብልቅ እንዴት እንደሚስተካከል መማር ለዓመታት የምመኘው ነገር ነበር።

ወሬው የሚያሳምነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። በድሮ መኪኖች አየርና ቤንዚን የሚደባልቀው ካርቡራተር የአየሩን ክብደት አያውቅም፤ ቆላ ላይ የተስተካከለው ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ያጨሳል፣ መካኒኮችም የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳውን ጠበብ ባለ ይለውጡለታል። ኢንጀክሽን መኪና (ቤንዚኗን ኮምፒውተር ለክቶ የሚረጭላት) ግን እንደዚያ አይደለችም። የኔዋ አየር መግቢያው ላይ የጋለ ቀጭን ሽቦ ያለበት ሴንሰር አላት። የሚያልፈው አየር ሽቦውን በሚያቀዘቅዘው ልክ ምን ያህል አየር እንደገባ ኮምፒውተሩ ያውቃል፣ ቤንዚኑንም በዚያው መጠን ይለካል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርስ ቤንዚኑ ቀድሞ ተቀንሷል፤ የሚቀንስለት ሰው አያስፈልግም። ጉልበቷ የጠፋው አየሩ ስላነሰ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ያጣል። የኔዋ 140 እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 105 አካባቢ ናት ማለት ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የተገጠመው ዕቃ በራሱ ሐሰተኛ አይደለም። ከአየር ሴንሰሩ ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄደው ሽቦ መሀል ይገባል፤ ሴንሰሩ የላከውን ምልክት ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ ያስተላልፋል። ዝቅ ሲያደርገው ኮምፒውተሩ የገባው አየር ትንሽ መስሎት ቤንዚን ይቀንሳል። የሚያውቅ ሰው በትክክለኛ መለኪያ ከሠራበት ጥሩ ይሠራል። ግን አንድ ጣጣ አለው፦ ኮምፒውተሩ አየሩ አነስተኛ ነው ብሎ ሲያስብ ሞተሩ ጭነት የሌለበት ይመስለዋል፣ የካንዴላውን እሳትም ያስቀድማል። ቤንዚን አንሶ እሳት ሲቀድም ሞተር ያንኳኳል፤ ማለትም ድብልቁ ሲሊንደሩ ውስጥ በሥርዓት በመቃጠል ፈንታ በድንገት ይፈነዳል። ልጁ ይህን አንድም ጊዜ አላነሳውም።

መለኪያ ተብሎ የተሰጠኝ ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈ ክብ ጌጅ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ መብራት ወዲህ ወዲያ ይሮጥበታል። «አረንጓዴው ላይ ሲያርፍ ልክ ነው» አለኝ። ጌጁ የተያያዘው ከመኪናው ከራሱ ኦክስጅን ሴንሰር ጋር ነው። ያ ሴንሰር ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፦ 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን። ከዚያ ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይዘላል፣ ሲያንስ ወደ 0.1 ይወርዳል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ የእንዲህ ያለ ሞተር ድብልቅ 12.5 እና 13 አካባቢ መሆን አለበት፤ እዚያ ላይ ያለውን ልዩነት ይህ ሴንሰር ለይቶ አይናገርም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዋይድባንድ የሚባለው ነው። ድብልቁን በቁጥር ያሳያል፣ የራሱ መቆጣጠሪያ አለው፣ በብዛት የሚሸጠው የቦሽ ሴንሰር 5 ሽቦ ይወጣዋል። የተለመደው ግን ከ1 እስከ 4 ነው። እኔ ሽቦ መቁጠር እንዳለብኝ አላወቅሁም።

ትምህርቱ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። በኮንትሮለሩ ሰንጠረዥ ከ1,500 ዙር እስከ 6,000 ዙር ባለው ረድፍ ሁሉ ላይ «−18» (18 በመቶ ቀንስ ማለት ነው) ሞላና «ይኸው፣ ተማርክ» አለኝ።

በሳምንቱ የቼክ ኢንጅን መብራት በራ። ስወስድለት ስካነር ሰካ፤ ፒ0171 ይላል፣ ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። «ኮምፒውተሩ እስኪለምድ ነው» ብሎ አጠፋውና ሸኘኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ደሴ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን የሐረጎን ዳገት እንደጀመርኩ፣ በሦስተኛ ማርሽ አንድ አይሱዙ ልቀድም ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረገጥኩ። ከሞተሩ ጠጠር የሞላው ቆርቆሮ ሲናጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። እግሬን ሳነሳ ጠፋ፣ ስረግጥ ተመለሰ። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የቀረውን መንገድ በዝግታ ወጣሁት።

በማግስቱ ደሴ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ሸክላቸው እንደ ጠመኔ ነጥቷል። ሁለተኛዋን ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ፤ ሸክላው ላይ መርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ብርማ ነጠብጣቦች አሉ። «ልጄ፣ ይህ የፒስተንህ አሉሚኒየም ነው» አሉኝ። ከአየር ሴንሰሩ የሚመጣውን ሽቦም አሳዩኝ፦ ተቆርጦ፣ ተጠምዝዞ፣ ያለ ብየዳ በላስቲክ ተጠቅልሏል።

ስካነር ሰክተው መኪናዋን ካዋሏት በኋላ የቤንዚን ማረሚያው ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በራሱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ቤንዚን በመቶ፣ +22 ሆነ። አስቡት እስቲ። ከ100 ላይ 18 ሲቀነስ 82 ነው፤ 82 ላይ 22 በመቶ ሲጨመር እንደገና 100። በዝግታ ስነዳ ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ እያየ ልጁ የቀነሰውን ሁሉ ሲመልሰው ኖሯል። የተባለው ቁጠባ ባዶ ነበር። መብራቱ የበራውም ማረሚያው ገደቡ ላይ ስለደረሰ ነው። ልጁ መብራቱን በስካነር ሲያጠፋ ኮምፒውተሩ የተማረውን ማረሚያም አብሮ አጠፋው፤ እኔም ቤንዚን ባነሰው፣ እሳት በቀደመው ሞተር ሐረጎን ወጣሁ። የማንኳኳት ሴንሰር አላት፣ ሲሰማ እሳቱን ያዘገያል፣ ግን እሱም ልክ አለው። አዛውንቱ «በዚህ ቅንብር ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ወርደህ ቢሆን ፒስተኑ ይበሳ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አፋር ሲወረድ አየሩ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይብሳል፣ ማንኳኳትም በዚያው መጠን ይጨምራል።

ኮንትሮለሩ ወጣ፣ ሽቦው ተበየደ፣ ካንዴላ ተቀየረ። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበት ግፊት) ሲለካ ሁለተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ እየተከታተልኩት ነው። ልጁ ጋ ብሬን ልጠይቅ ብሄድ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» አለ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ እኔ ግን አልጠየቅኩም፣ አሁን በእጄ ማስረጃ የለም። ሻይ ብትጠጡ እንኳ ደረሰኝ የማትጠይቁ ከሆነ፣ ለዚህ ግን ጠይቁ፤ የተገጠመው ዕቃና የተሠራው ሥራ ተዘርዝሮ ይጻፍበት።

መማር የምትፈልጉ ልጆች ፍላጎታችሁን አትተዉት። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሰውየው ዋይድባንዱን አስገጥሞ፣ አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ በሐረጎ ዳገት ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ጌጁ ላይ ቁጥሩን ያሳያችሁ። ጆሮውም ለማንኳኳት ክፍት ይሁን። ከዚያ በአንድ ረድፍ 2 ወይም 3 ብቻ ለውጦ እንደገና ይለካ። በሁሉም ረድፍ አንድ ቁጥር የሚሞላ ሰው ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ውጡ።

ሁለተኛዋን ካንዴላ አልጣልኳትም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ደሴ ያላችሁና ማየት የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ይዤላችሁ እመጣለሁ።