ደብረ ብርሃን ወይስ ሸዋ ሮቢት? ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዷ የአዲስ አበባ ኪራይ ያንገፈገፋት ጓደኛዬ ናት። አንዱ ጡረታው የደረሰ አጎቴ ነው። ሦስተኛው ውጭ አገር ሆኖ ለእናቱ ቤት ሊገዛ የሚፈልግ የሰፈራችን ልጅ ነው። "ደብረ ብርሃን ይሻላል ወይስ ሮቢት?" በሥራ ምክንያት ሁለቱም ጋ ተከራይቼ ኖሬያለሁ፤ ደብረ ብርሃን አምስት ዓመት፣ ሮቢት ሦስት። ለሦስቱም አንዴ ልመልስ።

ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው፣ ሁለቱም የደሴ መንገድ ላይ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሮቢት ደግሞ ከዚያ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ይላል። ወረድ ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2840 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሮቢት 1280 ገደማ። አየሩ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ በመካከላቸው ከ9 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። ደገኛው ሮቢትን "በረሃ" የሚላት ለዚህ ነው።

ልዩነቱን ማየት የፈለገ መኪና ላይ ይሳፈር። መሃል ላይ ያለው የተራራ መተላለፊያ፣ ጣርማ በር፣ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉም ውስጥ ትገባላችሁ፣ ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ይውጣችኋል። ከዋሻው ወጥታችሁ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ጆሮ ይደፈናል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡት ሹራብ ይወልቃል። አርማንያን አልፋችሁ ሮቢት ስትቃረቡ፣ አዲስ አበባ ከላምበረት መናኸሪያ ጀምሮ "ኧረ መስኮት ዝጉ፣ ንፋስ ገባ!" እያለ ሲጨቃጨቅ የመጣው ሰውዬ ራሱ ይከፍተዋል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቤት ውስጥ ያለውን ለውጥ ግን ያስተማረኝ የእንጀራ ሊጥ ነው። ደብረ ብርሃን የመጀመሪያው ኅዳር ላይ ያቦካሁት ሊጥ በሦስተኛው ቀን እንኳ ንቅንቅ አላለም። አከራዬ እማማ መጥተው ክዳኑን ገልጠው አዩና ሳቁብኝ። "ልጄ፣ እሱም እንዳንቺ በርዶታል እኮ። ጋቢ አልብሽው!" እውነታቸውን ነው። ባልዲውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ ሳስጠጋው በማግስቱ ኩፍ አለ። ሮቢት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ማታ ያቦካሁት ጠዋት አረፋ ደፍቶ ይጠብቀኛል። "ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እጋግራለሁ" ካልኩ እንጀራው ፊት የሚያስጨማድድ ኮምጣጣ ይሆናል። ቅቤውም እንደዚያው ነው፤ ደብረ ብርሃን በማንኪያ ይቆፈራል፣ ሮቢት እንደ ዘይት ይንቆረቆራል። ደብረ ብርሃን ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ሥጋ ቶሎ አይበስልም፤ ያለ ፕሬዠር ድስት ከሰላችሁ ያልቃል። ሮቢት 96 ገደማ ነው፣ ይሻላል።

እንግዲህ ዋናው ምክሬ ይኸው ነው፤ ከተማን በክፉ ወሩ እዩት። ደላላ ሮቢትን በታኅሣሥና በጥር ነው የሚያሳያችሁ። ያኔ ሮቢት ገነት ናት፤ ማታ በረንዳ ላይ ነፋሱ ደስ ሲል! እኔም የተሸወድኩት እንዲሁ ነው። በታኅሣሥ ኮርኒስ የሌለው ቤት ተከራየሁ፣ ቆርቆሮው በቀጥታ አናቴ ላይ። ግንቦት ሲገባ ያ ቤት ምጣድ ሆነ። ፍራሼን ግቢ አውጥቼ አጎበር ሰቅዬ ስንት ሌሊት አደርኩ። ቬንትሌተር ገዛሁ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ቬንትሌተርም ዕቃ ነው።

የደብረ ብርሃን ክፉ ወር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀን ፀሐዩ ያሞኛል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። አንድ ጠዋት ግቢ ያሳደርኩት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ አገኘሁ። ብርድ ልብስ ፋብሪካውን ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እዚያ የተከሉት ሰዎች አስበውበታል። አጼ ዘርዓ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ እዚያው ከተሙ፤ እሳቸውን ብርዱ አላስቸገራቸውም መሰል።

ስለዚህ የምትገዙት ቤት ደብረ ብርሃን ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት "የጠዋት ፀሐይ በየት ይገባል?" የሚለውን ነው። እኔ የመጀመሪያው ቤቴ ፀሐይ የማያይ ጓዳ ነበር፤ ግድግዳው እስከ መጋቢት አልሞቀም። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ደግሞ ሰው ይገድላል፣ አደራ። ሮቢት ከሆነ ኮርኒሱን፣ በረንዳውንና የጣራውን ከፍታ እዩ። የእንጨት ምሰሶውን በጣታችሁ አንኳኩ፤ ምስጥ ከበላው ድምፁ ባዶ ነው። ጥላ የሚሰጥ የማንጎ ዛፍ ያለው ግቢ ካገኛችሁ በዋጋ አትከራከሩ።

ገበያ ላይ ሮቢት ታሸንፋለች። የሮቢ ወንዝ መስኖ አለ፤ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ፓፓያው፣ ማንጎው ከማሳ ነው የሚመጣው። ማሾም የአካባቢው ገበሬ ገንዘብ የሚያገኝበት ሰብል ነው። ነጋዴ ከሆናችሁ ሮቢት ላይ እጃችሁ አይፈታም። ደብረ ብርሃን ላይ ርካሹ በግ፣ ገብስና ባቄላ ነው፤ አትክልቱ ዳገት ወጥቶ ስለሚመጣ ዋጋውም አብሮት ይወጣል።

ሥራና ትምህርት ላይ ግን ክርክር የለውም፣ ደብረ ብርሃን ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ሁለት ቢራ ፋብሪካዎች አሉት። ይህ ሁሉ ሰው ይስባል፣ ሰው ደግሞ ኪራይ ያስወድዳል። እኔ በኖርኩበት ጊዜ ደብረ ብርሃን ለአንድ ክፍል በምከፍለው ሮቢት ሁለት ክፍል ከነግቢው አገኝ ነበር። ሮቢት ከበድ ያለ ሕመም ሲመጣ ሪፈሩ ወደ ዳገቱ ነው፤ ያንን መንገድ በሌሊት አስቡት።

ጤናን ካነሳን አይቀር፤ ሮቢት ወባ አለ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ይበረታል። ሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ይዞኛል፣ ሁለቱንም ጊዜ አጎበሩን ችላ ያልኩ ሰሞን ነው። ደብረ ብርሃን ወባው የለም፤ በምትኩ ጉንፋን፣ ሳልና ቁርጥማት አለ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሮቢት ሲወርድ ሲቀለው አይቻለሁ።

ስለ ሰላሙ ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሮቢት ድረስ ወርዶ ነበር። ደብረ ብርሃን በዚያ ዘመን ብዙ ተፈናቃይ ተቀብላለች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በግጭቱ የተነሳ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ። ይህ ሲሆን ሮቢት ከሁለቱም አቅጣጫ ትቆረጣለች። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ጋ ደውሉ፣ ደላላው ጋ ሳይሆን።

ወረቀቱን በተመለከተ ሁለቱም ጋ ሕጉ አንድ ነው። መሬት አይሸጥም፤ የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ካርታውን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። ከተማ በፍጥነት ሲሰፋ ዳር ዳሩን ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤት ይበዛል። ዋጋው ሲበዛ የቀለለ ቤት ካያችሁ፣ ቀድማችሁ ወረቀቱን ጠይቁ።

ለጓደኛዬ ደብረ ብርሃን ብያታለሁ። ልጆቿ ትምህርት ላይ ናቸው፣ እሷም ደመወዝተኛ ናት፣ አዲስ አበባም ደርሶ መልስ ይቻላል። አጎቴ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሮቢት ይሻለዋል፤ ግን ግንቦትን ተከራይቶ ይሞክረው፣ ከቻለው ይግዛ።

የሰፈራችን ልጅ ሮቢትን ነበር የመረጠው፣ ብርዱ እናቴን ይጎዳል ብሎ። እሳቸው ግን አልተጠየቁም። የመንዝ ሰው ናቸው። ደወልኩላቸው። "እኔ በግ የማላይበት አገር ምን ልሠራ እወርዳለሁ? እሱ ይበርደኛል ብሎ ነው? የበግ ጠጉር ባና አለኝ እኮ!" አሉኝ። አሁን ደብረ ብርሃን ላይ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ አንድ ሁለት በግ የሚይዝ ጓሮ ያለው ቤት እየፈለግሁላቸው ነው። ካርታው የተጣራ ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ።