ለሕትመት ማድረቂያ የትኛው የትነት ሴንሰር ይሻላል? ደብረ ብርሃን ላይ ለምትገዙ

የላስቲክ ማሸጊያ የሚያትም ማሽን ልትገዙ ከሆነ ዋጋውን እንደጠየቃችሁ ይሄን ጠይቁ፦ ማድረቂያው ውስጥ ያለውን የሶልቨንት (ቀለሙን የሚያቀጥነው ፈሳሽ) ትነት የሚለካው ምንድን ነው? ኢታይል አሲቴት የሚባለው ሶልቨንት ትነት ከአየሩ 2 በመቶ ገደማ ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የታችኛው የፍንዳታ ገደብ የሚባለው ይሄ ነው። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) 86 የተባለው ደረጃ የማያቋርጥ መለኪያ ከሌለ የገደቡ 25 በመቶ እንዳይታለፍ ያዛል። አደጋ ሲቃረብ ማሽኑን የሚያቆም መለኪያ ካለ እስከ 50 በመቶ ይፈቅዳል። ያኔ ትነቱን ለማሳሳት የምታስገቡትና የምታሞቁት አየር ስለሚቀንስ ወጪም ይቀንሳል።

ርካሹ ሴንሰር ካታሊቲክ የሚባለው ነው። ትነቱን በጋለች ትንሽ ዶቃ ላይ አቃጥሎ ይለካል። ብዙ ዓይነት ሶልቨንት ያውቃል። ጠላቱ ሲሊኮን ነው፤ ቀለም ውስጥም ቅባት ውስጥም ይገኛል። ሲሊኮን የመረዘው ሴንሰር ዜሮ ያሳያል። ንጹሕ አየርም ዜሮ ነው። ኦፕሬተሩ በምን ይለያቸው? ሲሊኮን በሚገባበት ቤት እኔ በፍጹም አልመክረውም።

ኢንፍራሬድ የሚባለው ትነቱን በማይታይ ብርሃን ስለሚለካ በሲሊኮን አይመረዝም። ብርሃኑ ሲጋረድም ብልሽቱን ራሱ ያሳውቃል። ግን ለአንድ ሶልቨንት የተስተካከለው ሌላውን በትክክል አያነብም። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሶልቨንት ለምትሠሩ ምርጫዬ እሱ ነው።

ዛሬ በአልኮል፣ ነገ በቶሉይን የምታትሙ ከሆነ የነበልባል ሙቀት የሚለካውን ግዙ። ሶልቨንት ሲለዋወጥ ብዙም አይስትም፣ ፈጣንም ነው። ዋጋው ይከብዳል። ለነበልባሉ ሃይድሮጅንም ይፈልጋል፤ ሲሊንደሩን ማን እንደሚያቀርብላችሁ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከፍታችንን አትርሱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ወለል ላይ የተስተካከለ ኢንፍራሬድ እዚህ አደጋውን አሳንሶ ያነባል። ሻጩ እዚሁ ተክሎ መጠኑ በታወቀ የመለኪያ ጋዝ እስኪያስተካክለው ድረስ ክፍያውን አትጨርሱ። ብርዱም አለ። የናሙና ቱቦው ማሞቂያ ከሌለው ትነቱ ሴንሰሩ ጋ ሳይደርስ ፈሳሽ ሆኖ ቱቦው ውስጥ ይቀራል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማራገቢያው ይቆማል፣ ትነቱ ግን እዚያው ነው። መብራት ሲመለስ የማድረቂያውን ይዘት ቢያንስ 4 ጊዜ የሚተካ ንጹሕ አየር ሳያልፍ ማሞቂያው እንዳይነሳ የሚከለክል መቆጣጠሪያ ውሉ ላይ ይጻፍላችሁ።