የናፍጣ ውሃ መለያ በአሮጌ አይሱዙ ላይ፦ የ9 ወር ልምዴ

መኪናዬ አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር ነው። ሞተሩ 4ኤችጂ1 የሚባለው ነው፤ 4,570 ሲሲ፣ ባለ አራት ፒስተን፣ ቱርቦም ኮምፒውተርም የሌለው። ከጎጃም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያራግፋል፣ ሲመለስ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ስለ መኪናው ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ ከ9 ወር በፊት ስላስገጠምኩት የውሃ መለያ ላውራችሁ። ከሰርባቶዮው (ከናፍጣ ታንከሩ) ወደ ናፍጣ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ የሚገባ፣ ከሥሩ የሚያሳይ ብርጭቆ ያለው ፊልትሮ ነው። የምርት ስሙን መጥቀስ አልፈለግኩም፤ አምሳያው በየመለዋወጫ ሱቁ ሞልቷል።

ለምን እንደገዛሁት ካልነገርኳችሁ ግን ወሬው ጣዕም የለውም።

ነገሩ የጀመረው ደጀን ላይ ነው። ሹፌሩ እዚያ አድሮ ጠዋት ሲያስነሳው ሞተሩ ተንገጫገጨ። ጋቢናው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጥሬ ናፍጣ ጥሬ ናፍጣ የሚሸት። ሲሞቅ ጭሱ ይቀንሳል፣ መንገጫገጩ ግን አይለቅም። ዓባይ በረሃን ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ሲይዝ ደግሞ ጥቁር ጭስ ያንቦለቡላል። ከኋላ የሚመጣው መኪና በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ ነው የሚከተለኝ አለኝ። ሹፌሬ ማጋነን ይወዳል።

አዲስ አበባ ሲገባ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ሜካኒኩ ሁለት ደቂቃ አዳመጠና "ሞተሩ ይውረድ" አለ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) መከፈት አለበት። ዋጋውን ሲነግረኝ የምቀመጥበት ፈለግኩ።

ጓደኛዬ ወደ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ላከኝ። ጋሼ ገና ሳያዩት "ዛሬ አላየውም፣ ማታ አምጥተህ አሳድረው" አሉኝ። ሞተር ሲሞቅ በሽታውን ይደብቃል ባይ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ከፈናቸውን ለብሰው እየጠበቁኝ ነበር፤ ቱታቸውን ማለቴ ነው፣ ግን ከመታጠብ ብዛት ከፈን መስሏል።

ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት አዩ። የራዲያተሩ ውሃ ሙሉ ነው። ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ላይ ወተት አልመሰለም። ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የለም። እንግዲህ ነጩ ጭስ የማቀዝቀዣው ውሃ ገብቶ የሚወጣ እንፋሎት አይደለም፤ ጓርኒሲዮኑን (በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለውን ማሸጊያ) ለጊዜው ተዉት። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈተው መዳፋቸውን አስጠጉ። ትንፋሹ ቀላል ነው፤ ፋሻው ያለቀ ሞተር ከዚያ ቀዳዳ እንደ ማንቆርቆሪያ ይተነፍሳል፣ ከማርሚታውም ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። የእኔው ሰማያዊ የለውም። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና አቧራውን አይተው ገላመጡኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ቀን ለሰው አውርቼዋለሁ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እየሠራ ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ፣ ናፍጣውን ወደየፒስተኑ ወደሚረጩት፣ የሚሄዱትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ማላላት ጀመሩ። የመጀመሪያውን ዳዶ ትንሽ ሲያላሉት ናፍጣ ተንጠባጠበ፣ ሞተሩም ይበልጥ ተንገዳገደ። አጠበቁት። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛውን ሲያላሉ በሞተሩ ድምፅ ላይ ምንም ለውጥ የለም።

"ሰማህ?" አሉኝ።

"ምንም አልሰማሁም ጋሼ።"

"እኮ! ናፍጣውን ብትሰጠውም ብትከለክለውም አንድ ነው። ይሄ ፒስተን ደመወዝ ይበላል እንጂ ሥራ አይገባም።"

አራተኛው ጤነኛ ነበር። ሦስተኛው ለምን እንደማይሠራ ግን ገና አልታወቀም። ኖዝሉ ሊሆን ይችላል፤ ፒስተኑ መጭመቅ አቅቶትም ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ዋጋ ሰማይና ምድር ነው። የሦስተኛውን ኖዝል ከአንደኛው ጋር አቀያየሩ፣ በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ። ደግመው አስነስተው ሲያላሉ አሁን ዝም ያለው አንደኛው ሆነ። በሽታው ከኖዝሉ ጋር ቤት ቀየረ! ሞተሩ ከመውረድ ተረፈ።

ኖዝሉን መፈተሻ ላይ ሲያስሩት እንደ ጉም መርጨት ሲገባው እንደ ሕፃን አፍንጫ ያንጠባጥባል። የነጩም የጥቁሩም ጭስ ምንጭ እሱ ነበር። ጠብታው በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ሳይቃጠል ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩ ግሎ ጭነት ሲበዛበት ደግሞ በግማሽ ተቃጥሎ ጥቁር ይሆናል። ጫፉ ላይ ዝገት ነበር። ጋሼ የሰርባቶዮውን መፍሰሻ አስከፈቱኝ። መጀመሪያ የወጣው ቀጭን ሻይ የመሰለ ውሃ ነው።

ውሃው ከየት መጣ? የማደያው ሰልፍ ሲረዝም ሹፌሩ ከመንገድ ዳር በርሜል ይቀዳል። ደግሞ ሰርባቶዮው ግማሽ ሆኖ ደጋ ላይ ሲያድር በባዶው ክፍል ያለው እርጥበት ላብ ሆኖ ይወርዳል። በእነዚህ ምክንያት ነው ውሃ መለያውን የገዛሁት። ዋጋው ለኖዝል ሥራ ከከፈልኩት ሩቡን አይሞላም።

የመጀመሪያው ሳምንት አማረረኝ። መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለ፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) እስኪደክም ይዞራል። እንደ ድሮው ነጭ ጭስ ቢመጣ አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ግን ጭስም የለው። ብርጭቆውን ሳይ አረፋ ሽቅብ ይሄዳል። የገጠመልኝ ሰው አሮጌ ጎማ ቱቦ ተጠቅሞ ፋሸታውንም (የቱቦውን ማሰሪያ) ላላ አድርጎ ኖሯል። ይህ ዕቃ የሚቀመጠው ፖምፓው በሚስብበት በኩል ስለሆነ ሲላላ ናፍጣ አያፈስም፣ አየር ይስባል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ አንተ ደግሞ የሚያፈስ ነገር ትፈልጋለህ። አዲስ ቱቦና ሁለት ሁለት ፋሸታ ካደረግኩ ወዲህ ያ ችግር አልተመለሰም። የምትገዙ ሰዎች ይህን እንዳትዘነጉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው አንድ ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሌሊቱን ከሥር ይዘቅጣል። ረዳቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የታችኛዋን ቧንቧ ከፍቶ በሃይላንድ ይቀበላል፣ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ይዘጋል። ከማደያ በተቀዳ ሳምንት የሚወጣው ጠብታ ነው፣ አንዳንዴም ምንም። ከበርሜል በተቀዳ ማግስት ግን አንድ ጣት ውሃ አይተናል። አንድ ቀን ረዳቱ ቧንቧዋን በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ መኪናው መርካቶ መሀል ቆመ። የመርካቶን ክላክስ ለምታውቁት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

በሰባተኛው ወር ሌላ ነገር መጣ። ዳገት ላይ መኪናው ደከመ፤ ሦስተኛ ማርሽ የሚወጣውን በሁለተኛ መውጣት አቃተው። ጭስ ግን የለም። ሹፌሩ ኖዝል ነው ብሎ ሊያስፈታ ነበር። እኔ ደግሞ አሁን ትንሽ ተምሬያለሁ፤ በስልክ ያልኩት "ጥቁር ጭስ አለው?" ነው። ደክሞ የሚያጨስ ሞተር ናፍጣ ደርሶታል፣ አየር አንሶታል ወይ ኖዝሉ አበላሽቶታል። ደክሞ የማያጨስ ግን መጀመሪያ ናፍጣው እየደረሰው መሆኑ ይታያል። ፊልትሮውን ሲፈታው ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ነገር ደፍኖታል። ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚራቡ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ፤ የእነሱ ሥራ ነው። ሰርባቶዮውን አሳጠብን፣ ፊልትሮውን ቀየርን፣ አበቃ።

የማይሠራውንም ልናገር። ናፍጣው ላይ ላምባ ቢቀላቀል ይህ ዕቃ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የእኔው ባለ 30 ማይክሮን ስለሆነ ደቃቁን ቆሻሻ አይዝም፤ የሞተሩ የራሱ ፊልትሮ በጊዜው መቀየሩ አይቀርም። ዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ጥቁሩ ጭስም ፈጽሞ አልጠፋም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ሲጠጋ አየሩ ይሳሳበታል፤ ሹፌሩም ጭነት አብዝቶ ማርሽ ለመቀነስ ይሰንፋል። ለስንፍና ፊልትሮ አልተሠራም።

ብርጭቆው፣ በእርግጥ ፕላስቲክ ነው፣ ቢጫ እየሆነ ነው። ረዳቱ አንዴ በቤንዚን አጥቦት ደበዘዘ። በናፍጣና በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጋሼ ያደረጉትን ቱቦ ማላላት በአዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች (ናፍጣ መርጨታቸውን ኮምፒውተር በሚያዘው) ላይ እንዳትሞክሩት። እዚያ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ያልፋል፣ ቆዳ በስቶ ይገባል። እነዚያን በኮምፒውተር አስመርምሩ።

ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ብርጭቆው የብረት መከላከያ ያለውን ግን እመርጣለሁ፤ የእኔው ከጎማው በሚፈናጠር ጠጠር ሁለት ቦታ ተጭሯል። ኖዝሎቹ ከዚያ ወዲህ አልተፈቱም። ሹፌሩም አመል አውጥቷል። ከበርሜል ሊቀዳ ሲል መጀመሪያ በሃይላንድ ያስቀዳና ቡናውን ጠጥቶ እስኪጨርስ ያስቀምጠዋል። ከሥር አንድ መስመር ውሃ ከታየ አይገዛም። ባለፈው ሳምንት ቡሬ ላይ አንዱን በርሜል ትቶ ሄዷል። ሻጩ እስከ አያቱ ሰድቦታል።