ሲኒው ጣፈጠ ብላችሁ የታሸገውን ቡና አትግዙ

አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ትንንሽ ካፌ እየፈለጋችሁ ቡና የምትጠጡ፣ በተለይ ደግሞ ለእረፍት ከውጭ መጥታችሁ ስትመለሱ ቡና የምትይዙ፣ ይህን አንብቡት። ማኪያቶው ወይም የጀበናው ቡና ስለጣፈጣችሁ ብቻ ባንኮኒው ላይ የተደረደረውን የተፈጨ ቡና አትግዙ። የጠጣችሁትና የታሸገው አንድ ቡና ላይሆን ይችላል።

የአክስቴን ልጅ የገጠማት ይህ ነው። ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ጠባብ ካፌ ቡናውን ፊቷ ፈጭተው አፈሉላት። በእውነት ግሩም ነበር። ከዚያ ወደ አሜሪካ የምትወስደው «የታጠበ ሐረር፣ ኤክስፖርት ስታንዳርድ» የሚል እሽግ ሸጡላት፤ ከሰፈር ሱቅ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ከፍላ። ቤት ወስደን ስንከፍተው ሽታ የለውም። ግማሽ ኪሎ የተባለው ሚዛን ላይ ሲወጣ ጎደለ። ይዛ ብትመለስ «አንዴ ከተከፈተ አንቀበልም» አሏት። በእጇ ያለው ደግሞ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት እንጂ ደረሰኝ አይደለም።

እሽጉ ላይ የተጻፈው ራሱ ያጋልጠዋል። የሐረር ቡና በባህሉ አይታጠብም፤ ማለትም ቀይ ፍሬው እርጥብ እያለ ተፈልፍሎ በውሃ አይጠራም። ከነቀይ ፍሬው ፀሐይ ላይ ደርቆ ነው የሚፈለፈለው፤ ያ የሚታወቅበት የፍራፍሬ ቃና የሚመጣውም ከዚያ ነው። ስለዚህ «የታጠበ ሐረር» ስታዩ ጠይቁ፤ ሻጩ ማስረዳት ካቃተው ተዉት። ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ ወይም ሊሙ ከሆነ የታጠበም ያልታጠበም አለ። በፍሬው ከገዛችሁ መለየት አይከብድም። የታጠበው ቡና ሲቆላ አብዛኛውን ጊዜ መሀሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ያልታጠበው ላይ ጠቆር ይላል። ተፈጭቶ ከታሸገ ግን ይህ ሁሉ የለም። ለዚህም ነው አጭበርባሪ የተፈጨውን የሚወደው።

«ኤክስፖርት» የሚለው ቃልም አያታልላችሁ። አገራችን ምርጡን ቡና ለውጭ ምንዛሪ ስትል ወደ ውጭ ነው የምትልከው። ለአገር ውስጥ ገበያ በአብዛኛው የሚቀርበው ከዚያ የተረፈው ነው። በላስቲክ ላይ ያንን ቃል ማንም ሊያሳትመው ይችላል።

የተፈጨ ቡና ከተቆላ ገብስ ጋር መቀላቀሉ የቆየ ችግር ነው። እቤት የምትሞክሩት ቀላል ዘዴ አለ። ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ትንሽ በትኑበት። ንጹሕ ቡና ለተወሰነ ጊዜ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ ውሃውንም ቀስ እያለ ነው የሚያቀልመው። ወዲያው ሰምጦ ውሃውን ካጠቆረ ጠርጥሩ። የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ ቡና ግን ዓይናችን እያየ ወደ ታች ወረደ።

ሌላው የተቆላበት ቀን ነው። የተፈጨ ቡና ሽታው በቀናት ውስጥ ይደክማል፤ በፍሬው ያለው ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ «መቼ ተቆላ?» በሉ። ፍሬውን አስመዝኑ፣ ፊታችሁ አስፈጩ። ሩቅ የምትሄዱ ከሆነ ጨርሶ አታስፈጩት። ከመክፈላችሁ በፊት 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁና የማሽን ደረሰኝ ተቀበሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ያለ ደረሰኝ ግን ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስትከራከሩ ትቸገራላችሁ።

ይህን የምጽፈው ትንንሾቹን ካፌዎች እንድትሸሹ አይደለም። እኔ እነሱን ነው የምወደው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በልማት ተነስተው ሌላ ሰፈር እንደ አዲስ የጀመሩ አሉ። ኪራይ ከብዷቸውም ቡናቸውን በየጊዜው በትንሽ በትንሹ የሚቆሉ፣ ከየት እንደመጣ ስትጠይቋቸው ደስ ብሏቸው የሚያወሩ አሉ። እሽግ የሚያጭበረብረው ሰው የእነዚህንም ስም ነው የሚያጠፋው። የተቆላበትን ቀን ጽፎ የሚሸጥ ቤት የምታውቁ፣ የት ሰፈር እንደሆነ ንገሩን፤ ለመንገድ ቡና የሚፈልግ ሰው ሁሌም አለ።