ባትማን እና ካፒቴን አሜሪካ፦ እውነቱን ለሕዝቡ ማን ነገረ?

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ዘ ዳርክ ናይት» እና የ2014ቱ «ካፒቴን አሜሪካ፦ ዘ ዊንተር ሶልጀር» የተባሉት ፊልሞች ሁለቱም ሽብርን የፈራ ወገን የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳያሉ።

በመጀመሪያው ፊልም ባትማን ጆከር የተባለውን ሽብርተኛ ለመያዝ የጎታም ከተማን ሕዝብ ስልክ በሙሉ መሰለያ ያደርገዋል። የቴክኖሎጂ ረዳቱ ሉሺየስ ፎክስ «ይህ መሣሪያ እያለ አልሠራም» ይላል፤ ጆከር ሲያዝ መሣሪያው ይወድማል። የዐቃቤ ሕጉ የሃርቪ ዴንት ወንጀል ግን የሕዝቡ ተስፋ እንዳይሞት ተብሎ ይደበቃል። ይህን ውሸት መቀበል በጣም ይከብደኛል።

ሁለተኛው ፊልም ለእኔ ይበልጣል። እዚህ ብልሹ የሆነው ካፒቴን አሜሪካ፣ ማለትም ስቲቭ ሮጀርስ፣ የሚያገለግልበት መሥሪያ ቤት ራሱ ነው፤ ሺልድ የተባለው ይህ የደኅንነት ድርጅት ሃይድራ በተባለ ምስጢራዊ የጠላት ቡድን ውስጥ ውስጡን ተቦርብሯል። ሦስት ግዙፍ በራሪ መርከቦች ገና ምንም ያላጠፉ ሰዎችን ከሰማይ ሊገድሉ ተሰናድተዋል። ሮጀርስ ማይክሮፎን ይዞ እውነቱን ለባልደረቦቹ ይነግራቸዋል፤ የሥራ አጋሩ ሰላይዋ ናታሻም የድርጅቱን ምስጢር ከራሷ ገመና ጋር ለዓለም ትለቃለች።