«ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» ለሚሉት ካሴታችሁን ጥላችሁ እንዳትሄዱ

ወገኖች፣ ቤታችሁ የድሮ ካሴት ያለ ሁሉ ይህን አንብቡ። ዛሬ የሆነብኝን ዛሬውኑ ነው የምጽፈው። ነገ ሲበርድልኝ ልተወው እችላለሁና።

«የድሮ ካሴት፣ የቪዲዮ ክር፣ ፎቶ ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» የሚል ወረቀት መስታወት ላይ የለጠፉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ከፊት የስልክ ከቨርና ቻርጀር ይሸጣሉ። ከኋላ አንድ ኮምፒውተርና አንድ አቧራ የጠጣ ቴፕ አለ። ልጁ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ባለቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። ቀብድ ይቀበላሉ። ደረሰኝ የለም። «ነገ ይምጡ» ይባላል፤ ነገ ሲኬድ መብራት አልነበረም፤ ሌላ ቀን ሲኬድ ልጁ አልገባም። ይሄን ሁላችንም ለምደነዋል፤ እኔም በዚህ አልተናደድኩም። መመላለስ እችላለሁ፤ ጡረታ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ካሴቴን ቀየሩብኝ። እዚያው ፊቴ ቆመው፣ አይኔን እያዩ፣ የሌላ ሰው ካሴት «የእርስዎ ነው» ብለው ሰጡኝ።

ሱቁ መርካቶ አካባቢ ነው። ስሙን አልጠራም። ስም ብጠራ ሌላ ታፔላ ሰቅለው ይቀጥላሉ፤ ደግሞ ይሄን የሚሠሩት እነሱ ብቻ አይመስሉኝም።

ካሴቱ ላይ የነበረው የመጀመሪያ ባንዴ ነው። ባንድ ማለት ከተቻለ። የቀበሌ ኪነት ነበርን። የአብዮቱ አስረኛ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ ውስጥ ኪነት የሌለው ቀበሌ ያለ አይመስልም ነበር። የእኛም ቀበሌ ከየሰፈሩ ልጆች ለቀመ። ዘፋኝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኦርጋን፣ ሳክስፎን፣ ድራም፣ እና እኔ ቤዝ። እኔ ቤዝ የያዝኩት ስለምችል አይደለም። ቦክስ ጊታር ትንሽ እነካካ ነበር፤ ሊዱን የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ስለያዘው ለእኔ የተረፈው ቤዙ ነው። ዛሬ እንጀራዬን የምበላበት መሣሪያ በዚያ አጋጣሚ ነው እጄ የገባው።

መሣሪያው የቀበሌው ንብረት ነው። አዳራሹ ውስጥ በቁም ሳጥን ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ያለው ሰውዬ ካልመጣ ልምምድ የለም። የቤዝ ክር እንደዛሬው ሱቅ ገብተህ አትገዛም። ክሩ ሲያረጅና ድምፁ ሲደነዝዝ ፈትተን በፈላ ውሃ እንቀቅለዋለን። ላቡና ቆሻሻው ይለቅና ለጥቂት ቀን አዲስ ይመስላል። እናቴ ድስቷን ስታይ ምን እንዳለችኝ አልጽፍም።

ኖታ የሚያነብ አልነበረንም። ዘፈን የምናጠናው ከካሴት ነው። አንዷን የቤዝ መስመር ለመልቀም እየመለስን፣ እያስደገምን፣ ክሩ እስኪበጠስ ድረስ። ሲበጠስ የኦርጋኒስታችን እህት የጥፍር ቀለም ታበድረናለች፤ ጫፍና ጫፉን ደራርበን በእሱ እንቀጥላለን። ፕሮግራም ላይ መጀመሪያ የአብዮቱ መዝሙር፣ ከዚያ የእናት አገር፣ ከዚያ የልማት። ሹማምንቱ ተነስተው ሲወጡ ነው እውነተኛው ሙዚቃ የሚጀመረው። ትዝታ፣ ባቲ፣ ከዚያ ችክችካ። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሁሉም ቤቱ መግባት ስላለበት ጥቂት ዘፈን ብቻ ይደርሰናል። ስለዚህ ያለ የሌለ ኃይላችንን እዚያ ላይ እናፈስ ነበር።

በ1977 አንድ ምሽት ያን ሰዓት ቀዳነው። ስቱዲዮ የለም። አንድ ቴፕ ሪከርደር ወንበር ላይ አስቀመጥን፣ በባትሪ ድንጋይ። ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ኦርጋኑ ዝም፣ ጊታሮቹ ዝም፣ ማይኩ ዝም። ድራመራችን ግን አላቆመም። ጨለማ ውስጥ ያንኑ ችክችካ ይመታል። ሳክስፎኑም ኤሌክትሪክ አይፈልግምና ተከተለው። ሕዝቡ ጭብጨባውን ያዘው፤ ዘፋኛችን ያለ ማይክ እየጮኸ ዘፈኑን ጨረሰው። ቴፑ በባትሪ ስለሚሠራ ሁሉንም ቀዳ። መብራት እስኪመጣ የነበረው ያ ድራም፣ እመኑኝ፣ ከዚያ በኋላ ከስንት ታላላቅ ሰዎች ጋር ሠርቼ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም።

ድራመራችን በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። አልተመለሰም። ፎቶው እንኳ አንድ ጉርድ ብቻ ናት። እህቱ ዋሽንግተን ነው ያለችው፤ የወንድሟ ምት ያለበት ካሴት እኔ ጋ እንዳለ በቅርቡ ሰማችና ደውላ አለቀሰችብኝ። «በፍላሽ አድርገህ ላክልኝ» አለች። እኔ ራሴ ላጫውተው አልቻልኩም። ከክሩ ጀርባ የምትደግፈው ትንሿ ስፖንጅ ረግፋ ወድቃለች፤ ያለ እሷ ክሩ ድምፁን የሚያነበው የቴፑ «ሄድ» ላይ በደንብ አያርፍም፤ ድምፁ ይታፈናል። ባለሙያ ያስተካክለው ብዬ ወሰድኩት። አንድ ሺህ ብር አሉ። አምስት መቶውን ቀብድ ከፈልኩ።

መጀመሪያ ቀን ልጁ ካሴቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ፋዘር፣ ይሄ የማን ባንድ ነው? ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ ያውቃል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልወጣም አልኩት። ደስ አለኝ እንዲያውም፤ የዛሬ ልጅ ለድሮ ነገር ግድ አለው ብዬ።

ዛሬ ሄድኩ። ልጁ ከመሳቢያ አወጣና ባንኮኒው ላይ ወረወረው። ፍላሹን ግን አልሰጠኝም። «ባዶ ነው ፋዘር» አለ። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ስልኩን ነው የሚነካካው።

«ምኑ ነው ባዶ?»

«ካሴቱ። ክሩ ሞቷል። ጩኸት ብቻ ነው ያለው።»

አነሳሁት። የእጄ ጽሑፍ አለበት፤ የቀበሌው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ በቢክ። ወረቀቱ ግን አንዱ ጥግ ተልጦ እንደገና ተለጥፏል። ሙጫው ገና አልደረቀም፤ ጣቴ ላይ ያዘኝ። ገለበጥኩት። ካሴት በጀርባው በኩል ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉት። እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ የመቅጃው ቁልፍ አይጫንም፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ በቀር ማንም በላዩ ላይ ሌላ ነገር ሊቀዳ አይችልም። እኔ ያን ጊዜ፣ በ1977፣ ሁለቱንም በሚስማር ሰብሬያቸዋለሁ። ቤታችን ውስጥ መዝሙር የሚቀዳ ታናሽ ወንድም ስለነበረኝ። እጄ ላይ ያለው ካሴት ሁለቱም ክዳኖቹ አሉ። ሙሉ ናቸው። ንክች አልተደረጉም።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አልኩ።

ልጁ ባለቤቱን አየው። ባለቤቱ ስልኩን ሳይዘጋ፣ በእጁ እየሸፈነ፣ «ቤቱን ቀይረንልዎት ነው አባባ፤ የድሮው ተሰብሮ ነበር፤ እንዲያውም ማመስገን ነበረብዎት» አለኝ። ይህን ሲል አልተደናገጠም። ብዙ ጊዜ ያለው ነገር ይመስላል።

ቤት ይቀየራል፤ እውነት ነው። ክሩን አውጥቶ ወደ ሌላ ካሴት ቤት ማስገባት የታወቀ ሥራ ነው። እርሳስ ስጡኝ አልኩ። እርሳስ የለም፤ ልጁ እየሳቀ እስክሪፕቶ ሰጠኝ። አንዱን ጥርስ ይዤ ማጠንጠን ጀመርኩ። የእኔ ክር መጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ አንድ ቦታ ተበጥሶ በቀይ የጥፍር ቀለም ተቀጥሏል። ከጎን በኩል ያለችው ሰው ሳቀች፤ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ካሴት ሲያጠነጥን አይታ። አጠነጠንኩ፣ አጠነጠንኩ። ቅጥል የለም። እስከ መጨረሻው ድረስ ቅጥል የለም። ክር ሞተ እንኳ ብንል፣ የተቀጠለ ክር መልሶ አይገጥምም።

ይህን ስነግረው ባለቤቱ ስልኩን ዘጋ። «አባባ፣ ረስተውት ነው። ዕድሜም አለ» አለ። ልጁ ደግሞ «ይሄን ማን ሊሰማው ነው ፋዘር? ዩቲዩብ ላይ የቀበሌ ኪነት ሞልቷል» ብሎ ጨመረበት። የቀብዴን አምስት መቶ ብር ስጠይቅ «ሠርተንበታል» ተባልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ለካሴት ደረሰኝ የሚቆርጥ የት አይተው ያውቃሉ?» ተባልኩ። ሲስቁብኝ ወጣሁ።

አንዳንዶቻችሁ «የቀበሌ ልጆች ካሴት ማን ይሰርቃል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ አስቡት። የዋልያስ ባንዱ ኦርጋኒስት ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ከተማ አገኘው፤ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ያኔ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞሮ ይጫወታል። እሱን ራሱን ፈልገው፣ አናግረው ነው ያደረጉት። እዚህ ያሉት ደግሞ የተማሩት ግማሹን ብቻ ነው፦ አሮጌ ካሴት ገንዘብ እንደሚያመጣ። ማናገሩን ዘለሉት። ዛሬ «ብርቅዬ፣ ተሰምቶ የማያውቅ» እያለ የሚለጥፍ ቻናል ስንት ነው? ያ ሁሉ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? አርቲስቱ እንኳ የማያውቀው ቅጂ ላይ የቻናሉ ታርጋ ተለጥፎበታል። አርቲስቱ ራሱ መልሶ ሲጭነው «የሌላ ሰው መብት ነው» ተብሎ ይነሳበታል። ጓደኛዬ ላይ ደርሶ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኔን እነዚህ ናቸው የወሰዱት ብዬ በማስረጃ አልናገርም። ልጁ መጀመሪያ ቀን የጠየቀኝን ግን አልረሳሁም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 የከዋኙንም መብት ይጠብቃል። ጥሩ ነው። ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ምስክር፣ መስታወት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ብቻ ይዤ ማን ፊት ልቁም?

ምክር ካላችሁኝ አጭር ነው። ካሴቱን ጥላችሁ አትሂዱ፤ ቁጭ ብላችሁ አስገልብጡ፣ ይዛችሁት ውጡ። ከመስጠታችሁ በፊት በሁሉም ጎን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ውስጡ ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጉበት። ቀብድ የከፈላችሁበት ወረቀት ይኑር። የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ደግሞ አሮጌ ቴፕ ፈልጋችሁ ከኮምፒውተር ጋር በአንድ ገመድ አገናኙት፤ ሌላ ምትሃት የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናለሁ። የሆነ ቻናል ላይ የ1970ዎቹ የቀበሌ ኪነት ተብሎ፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ኦርጋኑና ጊታሮቹ ድንገት ጠፍተው ድራም፣ ሳክስፎንና ጭብጨባ ብቻ የሚቀጥልበት ቅጂ ከሰማችሁ አሳውቁኝ። ለእህቱ ምን እንደምላት አላውቅም፤ እስካሁን አልደወልኩም።

ከሱቁ እንደወጣሁ በቀጥታ ኦርጋኒስታችን ቤት ነው የሄድኩት። የሚሠራ ቴፕ አለው። የሰጡኝን ካሴት አስገባነው። አንደኛው ገጽ እውነትም ጩኸት ብቻ ነው። ሁለተኛው ገጽ ግን ባዶ አይደለም። አንዲት እናት ሱዳን ላለ ልጃቸው የላኩት የድምፅ ደብዳቤ ነው። ላሚቱ እንደወለደች፣ የታናሽ እህቱ ሰርግ ከፋሲካ በኋላ እንደሆነ፣ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ሰላምታ ያደርሳሉ። መሀል ላይ ዶሮ ይጮኻል። ይህም የአንድ ሰው ነው፤ እሱንም «ክሩ ሞቷል» ብለው መልሰውታል ማለት ነው። እዚያ ሱቅ እንዲህ ያለ ካሴት የሰጣችሁ ካላችሁ፣ ካሴታችሁ እኔ ጋ ነው፣ ድምፁ ይሰማል። የልጅየውን ስም ነግራችሁኝ ውሰዱ።