ለሱሉልታ ጭቃ 200 ሲሲ ይበቃል

ሞተር ሊገዛ የሚነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ስንት ሲሲ ነው?» ይላል፤ የሞተሩን የሲሊንደር ይዘት፣ በሌላ አነጋገር የጉልበቱን መጠን መጠየቁ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ለሚኬድ የጭቃና የድንጋይ መንገድ ከሆነ ግን እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሲወድቅ ብቻዬን አነሳዋለሁ ወይ? ቁመቴ አጭር ነው፣ ክብደቴም ከ60 ኪሎ አያልፍም። የሞተር ልክ የሚጀምረው ደግሞ ከነጂው ነው።

አንድ ጓደኛዬ 650 ሞተር አለው። አስፋልት ላይ እስከ ጫንጮ ስትነዱት ልብ ያሞቃል፣ አልክድም። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ የሱሉልታን ሜዳ ስትይዙት ነው ጉዱ። ጥቁሩ አፈር ሲርስ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ይወፍራል፣ የጎማው ጥርስ ይጠፋል፣ ከዚያ ጎማ ሳይሆን የጭቃ ድቡልቡል ነው የምትነዱት። የዚህ ዓይነት ሞተር ከ160 እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል፣ መቀመጫውም ከፍ ያለ ነው። አንድ ቀን እኔ ስነዳው ሚዛን ሲስት እግሬን ዘረጋሁ፣ መሬት የለም። ተጋደምን። ከብት ሲጠብቁ የነበሩ ልጆች ሮጠው መጡና አንዱ «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ነው በሬ?» አለኝ። ለሦስት ነው ያቆምነው።

ትንሽ ይሻላል ብላችሁ ደግሞ ወደ 125 አትሩጡ። እንጦጦ አናቱ ላይ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ሰው አፈናጥጣችሁ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስትሉ 125ቱ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል።

ለእኔ ልክ የሆነው ያማሃ ኤጂ 200 ነው። የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ ገጠር ሲነዳው አይታችሁት ይሆናል፤ ፊትና ኋላ የብረት ዕቃ መጫኛ ያለው። መልኩ አያስጎመጅም። ካቴናው ግን ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ ጭቃ አይደርስበትም። ባትሪ ቢደክም በእግር ይነሳል። ማቆሚያው በግራም በቀኝም ስላለ ዳገት ጥግ ላይ በየትኛው ጎን ላስደግፈው ብላችሁ አትጨነቁም። ወደ ሱባ ጫካ ስወጣ በጣም የወደድኩት ግን የፍሪሲዮኑ መቆለፊያ ነው። ፍሪሲዮኑን ጨብጣችሁ ትቆልፉታላችሁ፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ሳይጠፋ ይቆማል፣ ወርዳችሁ መንገድ የዘጋውን ግንድ ታነሳላችሁ ወይም የአጥር በር ትከፍታላችሁ። የተሠራው ለከብት አርቢ ስለሆነ የሰውየውን ሥራ ያውቃል።

ፍሬኑ ፊትም ኋላም ከበሮ ነው፤ የሚይዘው ጎማው መሃል ባለ ዝግ ከበሮ ውስጥ ነው። ውሃ ከተሻገራችሁ በኋላ ቀስ እያላችሁ እየነካካችሁ አድርቁት፤ ቁልቁለት ላይም ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተሩ ያዙት እንጂ ፍሬን ላይ አትንጠልጠሉ። አስፋልት ላይ ደግሞ ፍጥነት ስትጨምሩ እጅ ያደነዝዛል፣ የጭነት መኪና ሲያልፋችሁም ያወዛውዛል። ሐሳባችሁ እስከ ደብረ ሊባኖስ በአስፋልት መሄድ ከሆነ፣ ቁመታችሁም ረዘም ካለ፣ 250 ፈልጉ። ከዚያ በላይ ያለውን ለበጋ አቆዩት።

አሮጌው ብዙ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ነው የሚወጣው። ቀለሙን ትታችሁ የካቴናውን ሽፋን አስከፍቱና ውስጡን እዩ። ዘይት ካልነካው ዝገት ታገኛላችሁ። ዕቃ መጫኛው የተበየደበትን ቦታም ዳስሱ፤ ሲሚንቶ ሲሸከም የኖረ ከሆነ ስንጥቁ እዚያ ነው የሚታየው። በመጨረሻ ሻጩን ሞተሩን ያስተኛላችሁ ዘንድ ጠይቁትና ራሳችሁ አንሱት። ካቃታችሁ ዋጋ አትከራከሩ፣ ቀጥላችሁ ሌላውን እዩ።